የፊት ዋጋ

ገዳም ውስጥ ሰው ተገደለ ሲባል ጆሮውን የማይቀስር አንባቢ ብርቅ ነው። እኔም ከቀሳሪዎቹ አንዱ ነኝና አልፈርድም። ቅጥሩ የታጠረ ነው፣ በሩ በጊዜ ይዘጋል፣ ውስጥ ያሉት ሁሉ «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ በቃላቸው የሚያውቁ ናቸው። ታዲያ አንድ ማለዳ አንዱ ከአልጋው ሳይነሣ ይቀራል። ገዳዩ ግን ከጸሎት ሰዓት ዝንፍ ሳይል አብሮ «አሜን» እያለ ይሰነብታል። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ያመጣል? ኤሊስ ፒተርስ የምትባለው እንግሊዛዊት ደራሲ በ1977 ካድፌል የተባለ ዌልሳዊ መነኩሴ ፈጥራ መንገዱን ጠረገች። ኡምቤርቶ ኤኮ ደግሞ በ1980 «የጽጌረዳ ስም»ን አሳትሞ ምሁራኑም ሳያፍሩ የወንጀል ልብ ወለድ በብብታቸው ሸጉጠው እንዲሄዱ ፈቃድ ሰጣቸው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።)

የዛሬው መጽሐፍ ፒተር ትሬሜይን በሚል የብዕር ስም በ1994 የታተመው «አብሶሉሽን ባይ መርደር» ነው። በግርድፉ «ሥርየት በግድያ» ብንለው ያስኬዳል። የሰውየው እውነተኛ ስም ፒተር ቤረስፎርድ ኤሊስ ነው፤ በ1943 የተወለደ፣ በኬልቶች ታሪክ ላይ ብዙ የጻፈ ሰው። ክሮምዌል አየርላንዶችን ከመሬታቸው እየነቀለ ወደ ምዕራብ የነዳበትን ዘመን በ1975 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ664 ነው፤ ዛሬ ዊትቢ በምትባለው፣ በሰሜን እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ባለችው ገዳም። ወንድም ሴትም መነኮሳት በአንድ ቅጥር ይኖሩባታል፤ የምታስተዳድራቸው እመ ምኔት ሂልዳ ናት። የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኦስዊ ሲኖዶስ ጠርቷል። ጉዳዩ፦ የአየርላንድን ሥርዓት እንከተል ወይስ የሮማን? ለአየርላንዱ ወገን ንግግሩን የምትከፍተው የኪልዴር ገዳም እመ ምኔት ኤታይን ነበረች። ጉባኤው ሳይጀመር ኤታይን ታርዳ ተገኘች። ሁለቱ ወገኖች ጦር ሊማዘዙ ምንም አልቀራቸውም። ንጉሡ ጨነቀውና ምርመራውን ለሁለት ሰዎች አከፋፈለ፦ ከአየርላንድ ለመጣችው ፊዴልማና ለሮማ ወገን ለሆነው ሳክሶናዊ መነኩሴ ለኤዱልፍ።

ፊዴልማን «እማሆይ» እንዳልላት ዕድሜዋ አልፈቀደልኝም። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀይ ጠጉርና አረንጓዴ ዓይን ያላት፣ የንጉሥ ዘር ናት። ከምንኩስናዋ በላይ ግን ሕግ አዋቂ ናት። በአየርላንድ ዳኞች ፊት የምትሟገት «ዳሊ»፣ ማለትም ጠበቃና መርማሪ ስትሆን፣ ማዕረጓ ከሊቃውንቱ የመጨረሻ እርከን አንድ ብቻ ዝቅ ይላል። ንጉሥ ፊት ቆማ «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ አይሄዱም» ለማለት የሚያስደፍር ማዕረግ ነው። ኤዱልፍም በአገሩ የዳኝነት ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ ይናናቃሉ፣ ቀጥሎ ይከባበራሉ፣ ከብዙ መጻሕፍት በኋላ ይጋባሉ። ተከታታዩ ከ30 ልብ ወለድ በላይ ሆኗል።

ገዳዩን አልነግራችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ትሬሜይን አያጭበረብርም። ፍንጮቹ ሁሉ ከፊታችን ተዘርግተዋል፤ ያላየነው እኛ ነን። በመጨረሻ ፊዴልማ የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ አዳራሽ ሰብስባ ነገሩን ክር በክር ትተረትረዋለች። የአገራችንን አውጫጭኝ ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም፤ የአጥቢያው ሰው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ልዩነቱ የኛ አውጫጭኝ አንዳንዴ ቀናት መፍጀቱና የሚነገረውም በሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ ፊዴልማ አንድ ምዕራፍ ይበቃታል።

እንደ ልብ ወለድ አንድ ቅር ያለኝ ነገር የግድያው ምክንያት ነው። ያን ያህል ነገሥታትና ጳጳሳት ተሰልፈው፣ ያን ያህል የሃይማኖት ክርክር ተሰብኮልን፣ ምክንያቱ ከጉባኤው ይልቅ ወደ ሰው ልብ የግል ጓዳ ያደላል። ሲኖዶሱ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ኤኮ ይህን ስሕተት አልሠራም፤ የሱ ገዳይ የሚገድለው በሚያምነው ነገር ነው።

ወደ መጋረጃው ልሂድ፤ ምክንያቱም እንደኔ ከሆነ ከግድያው የበለጠ የሚያጓጓው እሱ ነው። እውነተኛው የዊትቢ ሲኖዶስ የተነሣው በአንድ ቤት ጭቅጭቅ ነው። ንጉሥ ኦስዊ ፋሲካን የሚያከብረው በአየርላንድ መነኮሳት አቆጣጠር ነበር። ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ደግሞ በኬንት ያደገች ናትና በሮማ አቆጣጠር። ቢድ የተባለው መነኩሴ በ731 በጨረሰው ታሪኩ እንደሚነግረን ንጉሡ ፈስኮ ግብር ሲያበላ ንግሥቲቱ ገና ሆሣዕናን እያከበረች ትጾማለች። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቤተ መንግሥት ግማሹ ሥጋ ሲቆርጥ ግማሹ ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ነው! የወጥ ቤቱን ሰዎች መከራ ቢድ አልጻፈልንም።

ልዩነቱ የስሌት ነው። የአየርላንዶቹ ፋሲካ በ84 ዓመት ዑደት ይቆጠራል፤ ሮማ በዚያን ጊዜ የያዘችው ግን ከእስክንድርያ የተቀዳውን የ19 ዓመት ዑደት ነው። ይህ 19 ለኛ ባዕድ አይደለም፤ የባሕረ ሐሳባችን ንዑስ ቀመር ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ የኖረ የኛ መሪጌታ ዊትቢ ቢገኝ ኖሮ፣ ስለ ሮማ ፓፓ ምንም ደንታ ሳይኖረው፣ በሒሳቡ ብቻ ከሮማው ተሟጋች ከዊልፍሪድ ጎን ይቆም ነበር። ለአየርላንዱ ወገን የተሟገተው ጳጳሱ ኮልማን ነው። ንጉሡም የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ በጴጥሮስ እጅ መሆኑን ከሁለቱም አረጋግጦ፣ «በር ላይ ከሚጠብቀኝ ሰው ጋር አልጣላም» የሚል መንፈስ ያለው ፍርድ ሰጥቶ ለሮማ ወሰነ። ኮልማን የአይዳንን ዐፅም በከፊል ይዞ አገሩ ገባ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ጨልማ ነበር፤ ወዲያው ታላቅ ወረርሽኝ ገባ። ትሬሜይን በዚያች ፀሐይ አልቀለደም፤ አሳምሮ ተጠቅሞባታል።

ታሪክ ጸሐፊው ትሬሜይን የተንሸራተተውም እዚሁ ላይ ነው። መጽሐፉ «የኬልቶች ቤተ ክርስቲያን» የምትባል፣ አንድ ወጥ የሆነች፣ ከሮማ ፊት ለፊት የቆመች ተቋም ያሳየናል። እንዲህ ያለች ተቋም አልነበረችም። የደቡብ አየርላንድ ገዳማት የፋሲካውን ክርክር ከዊትቢ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ጨርሰውታል። ኩሚያን የተባለ ሊቅ በ632 አካባቢ ለአይዮና አበ ምኔት በጻፈው ደብዳቤ ወገኖቹ ለምን ወደ አዲሱ አቆጣጠር እንደዞሩ ያስረዳል፤ ቢድም የደቡቦቹን መዞር መዝግቦታል። ፊዴልማ የሙማን ልጅ ናት፤ ሙማን ደቡብ ነው። ኪልዴርም ያለው በዚያው በደቡቡ እኩሌታ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የኪልዴር እመ ምኔት ዊትቢ ብትሄድ ኖሮ ጉባኤው ላይ የምትቀመጠው ከዊልፍሪድ ጎን ሳይሆን አይቀርም ነበር። ያን ጊዜ ልብ ወለዱ ከነመሠረቱ ይናዳል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለችኝ መጽሐፉን ያዋሰችኝ ወዳጄ። ሃያ ዓመት ችሎት የቆመች ጠበቃ ናት፤ ተከታታዩን አሳድዳ ነው የምታነበው። «እኔ ፋሲካቸው መቼ ይውል ብዬ አይደለም የማነበው። እኔ ችሎት ስገባ ዛሬም ‹ጸሐፊዋ ነሽ ወይ?› የሚለኝ አለ። ይቺ ልጅ በ664 ዓ.ም. ትገባለች፣ ማን ነሽ ይሏታል፣ ማዕረጓን ትናገራለች፣ ወንበር ይለቁላታል። አንዲት እንኳ ሴት ዳኛ በጥንት ጊዜ ብትኖረኝ ምን ትሆናለህ?»

ይህን የመሰለ ክርክር በፈገግታ አይታለፍም። የሰባተኛው ምእተ ዓመት የአየርላንድ ሕግ በእርግጥ ለሴት የሰጠው ነገር ነበር። ባሏ የደበደባትና ምልክት ያስቀረባት፣ የመኝታ ቤት ገመናዋን ባደባባይ ያወራባት ሚስት ጥላው መውጣት ትችላለች። ወንድም ያልነበራት ሴት ልጅ የአባቷን መሬት ትይዛለች፤ ያኔ ሥልጣንም አብሮ ይመጣል። በሕጎቹ አፈ ታሪክ ውስጥ ሴንቻ የተባለው ዳኛ በሴቶች ጉዳይ አጣሞ ሲፈርድ ፊቱ ላይ እብጠት ይወጣበታል፤ ብሪግ የምትባል ሴት ፍርዱን ስታቃናው እብጠቱ ይጠፋል። ትሬሜይን ፊዴልማን የቀዳት ከነዚህ ነው፤ ከባዶ አላመጣትም።

ያው ሕግ ግን ሌላም ይላል። ሴት በልጅነቷ በአባቷ፣ ስታገባ በባሏ፣ ስታረጅ በልጆቿ ሥር ናት። ምስክርነቷ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር አይቆጠርም። የሚስት የክብር ዋጋ የባሏ እኩሌታ ነው። ትሬሜይን በየመጽሐፉ መግቢያ ላይ በሚያስቀምጠው የታሪክ ማስታወሻ የአየርላንድ ሕግ በዘመኑ ከነበሩት የምዕራብ ሕጎች ሁሉ የላቀ መብት ለሴት እንደሰጠ ይነግረናል። ከሳክሶኖቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ ያሟግታል። ልብ ወለዱ የሚሠራው ግን ከማሟገት አልፎ ነው፤ በየገጹ ኤዱልፍ ባገሩ ልማድ አንድ ጭካኔ ይናገራል፣ ፊዴልማ ተገርማ «በኛ ሕግ እንዲህ አይደለም» ትለዋለች። አንዴ ደስ ይላል፣ ሦስቴ ያስተምራል፣ ሠላሳ ጊዜ ሲሆን ሰውየው ተማሪ እሷ ሰሌዳ ይሆናሉ። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር እዚህ ትመጣለች። የክሮምዌልን ግፍ የጻፈ ሰው፣ አገሩን ከፈረሰችበት ቀን ወዲያ አልፎ ባማረችበት ዘመን ሊያያት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ቅኝ የተገዛ ሕዝብ ሁሉ ወርቅ ዘመን ያስፈልገዋል። ወርቁን ስንፍቀው ግን ከሥሩ የሚገኘው ማን ነው?

የአየርላንድ ሕግ የሚያምርበት ቦታ ካሳው ነው። ገዳይ በአብዛኛው አይሰቀልም፤ ይከፍላል። ጉማን ወይም የደም ካሳን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ከአካል ካሳው በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ነጻ ሰው በማዕረጉ ልክ የሚከፈለው የክብር ዋጋ አለው፤ ስሙም ቃል በቃል «የፊት ዋጋ» ነው። ፊት መንሳት ምን ማለት እንደሆነ ለምናውቅ ለኛ ይህን ቃል ማስረዳት አያሻም። ጌታ የሆነ ሰው ዕዳ አልከፍልም ካለህ ደጁ ሄደህ ትጾምበታለህ፤ አንተ እየጾምህበት እሱ ቢበላ ፊቱን ያጣል። እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ሕዝብ ያስቀናል።

የፊት ዋጋ በምን ይቆጠራል? ከፍ ያለው መለኪያ «ኩማል» ይባላል። ነጻ ሰው የገደለ፣ የሟቹ ማዕረግ ምንም ይሁን፣ የአካል ካሳው ሰባት ኩማል ነው። የአንድ ትንሽ ግዛት ንጉሥ የፊት ዋጋም ሰባት ኩማል ነው። በፊዴልማ ዓለም ውስጥ ኩማልን የምናውቀው የሦስት የሚታለቡ ላሞች ዋጋ እየተባለ ነው። ትክክል ነው፤ በላም እየተመነዘረ ይከፈል ነበር። ቃሉ ራሱ ግን ላም ማለት አይደለም። ኩማል ማለት ሴት ባሪያ ማለት ነው።

ይህን ሳውቅ መጽሐፉን ከፍቼ እንደ አዲስ አነበብሁት። ፊዴልማ ተነሥታ «ካሳው ሰባት ኩማል ነው» በምትልበት ቦታ ሁሉ ሰባት ሴቶች በጀርባዋ ተሰልፈው ይታዩኝ ጀመር። የቃሉ ትርጉም በጊዜ ደብዝዞ መለኪያ ብቻ ሆኗል የሚል መከራከሪያ አለ፤ እቀበላለሁ። ብር ስንል ማዕድኑን እንደማናስበው ሁሉ መሆኑ ነው። ገበያው ግን አልደበዘዘም። ራሱ ቅዱስ ፓትሪክ በልጅነቱ ተማርኮ አየርላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ከብት የጠበቀ ነው፤ በኑዛዜው ውስጥም ከሁሉ ይበልጥ መከራ የሚቀበሉት ባሪያ የሆኑት ሴቶች መሆናቸውን ጽፏል። የኪልዴርን ገዳም የመሠረተችው የብሪጊድ ገድልም እናቷ ባሪያ እንደነበረች ይተርካል። ፊዴልማ ቆብ የደፋችበት ደብር፣ የእመ ምኔቷ የኤታይን መንበር፣ የቆመው በአንዲት ኩማል ልጅ ስም ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ እጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ምራቁ ይዝረበረባል። ትሬሜይን አልፎት ሄደ።

ደግሞ አንድ ልጨምር። ከዊትቢ 33 ዓመት በኋላ፣ በ697፣ የአይዮናው አበ ምኔት አዶምናን ቢር በተባለ ቦታ ነገሥታቱንና ጳጳሳቱን ሰብስቦ ሕግ አወጣ፤ በጦርነት ጊዜ ሴት፣ ሕፃንና ካህን አይነካ የሚል። በታሪክ ከሚወደሱት ሕጎች አንዱ ነው። ኋላ ላይ የተጨመረለት መቅድም አዶምናን ነጻ እስኪያወጣቸው ድረስ ሴቶች ሁሉ ስማቸው በዚያው በኩማል ቃል ይጠራ እንደነበር ይናገራል። መቅድሙ አጋኗል፤ ሕጉን ለማወደስ የተጻፈ ነው። ቢሆንም ሰው ጣራውን የሚከድነው ዝናብ ስለሚገባ ነው። የፊዴልማ አገር መጽሐፉ የሚለውን ያህል ለሴት የደላ ቢሆን ኖሮ አዶምናን ምን አደከመው?

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ዘረዘርሁላት። አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ሼርሎክ ሆልምስን ስታነብ ሸሚዙን ማን ያጥብለታል ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ጠበቃ ናት አላልኋችሁም? መልሴ ይኸው ነው። ኮናን ዶይል መጽሐፉ በር ላይ ቆሞ «የለንደን ገረዶች ኑሮ ከዓለም የተመቸ ነበር» የሚል ማስታወሻ አይለጥፍም። ትሬሜይን ግን ይለጥፋል። ማስታወሻ የሚለጥፍ ጸሐፊ በማስታወሻው ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ ፊዴልማ እንዲሁ መርማሪ ብቻ አይደለችም፤ ሕግን የምትወድ ሴት ናት፤ የሕጉን ቋንቋ በቃሏ የምታውቅ። ኩማል የሚለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ የሚጠራ አፍ አንድ ቀን እንኳ ቃሉ ላይ አለመደናቀፉ የታሪክ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም፤ የገጸ ባሕርይ ጉድለት ነው። ይቺን የመሰለች አስተዋይ ከመሬት ላይ የወደቀች ክር አንሥታ ገዳይ ታገኛለች፤ ከራሷ አፍ የሚወጣውን ቃል ግን አትሰማውም።

እኛም ብንሆን በዚህ አንታማም። የንግሥቶቻችንን ገድል ስንጽፍ ዙፋኑን፣ ካባውን፣ ድንኳኑን እናሳምራለን፤ ድንኳኑን ተሸክሞ ዳገት የወጣው ሰው ስም አይጠራም። ክፍል ውስጥ የታሪክ ልብ ወለድ ሳስተምር ተማሪዎቼን አዘውትሬ እጠይቃቸው የነበረው «በዚህ ምዕራፍ ውኃውን ማን ቀዳው?» እያልሁ ነበር። ይስቁ ነበር። አንዳንዶቹ ግን ወደ ገጹ ተመልሰው ይፈልጉ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አያገኙም።

መጽሐፉን አታንብቡ አላልኩም፤ አንብቡት። እመ ምኔት ሂልዳን ለማየት ብቻ እንኳ ያዋጣል፤ ከገዳሟ አምስት ጳጳሳት የወጡላት፣ ካድሞን የተባለ መሃይም ከብት ጠባቂ ግጥም ሲገጥም ሰምታ ጠርታ ያስመነኮሰችው፣ በእንግሊዝኛ ሥነ ግጥም ታሪክ በስም የምናውቀውን የመጀመሪያ ገጣሚ ያተረፈችልን ሴት ናት። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ የቢድ ታሪክ ነው። ሁለተኛውን መጽሐፍም ጀምሬዋለሁ። ሮማ ውስጥ ነው፤ ሊቀ ጳጳስ ሊሆን የሄደው ዊግሃርድ ይሞታል። ቢድ የገደለው ወረርሽኝ ነው ይላል፤ ትሬሜይን ደግሞ የሰው እጅ ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ውሸት እወድለታለሁ፤ ማንንም አይጎዳም።

የምመኘው አንድ መጽሐፍ ግን አለ። ኪልዴር ይሁን፣ ካሽል ይሁን፣ አንድ ማለዳ ወፍጮው ቤት የምትሞተው ኩማል ትሁን። እመ ምኔት አይደለችም፣ የንጉሥ ልጅ አይደለችም፣ የፊት ዋጋ የላትም። ፊዴልማ ትጠራና ገዳዩን እንደ ልማዷ ታገኘዋለች፤ እሱስ አይቸግራትም። ከዚያ ካሳውን ልትበይን ትነሣለች። በሕጉ መሠረት ለባሪያ የሚከፈለው ለጌታዋ ነው። ጌታዋም እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ ላሞቹን ሊረከብ ተቀምጧል።